ያልተበሳችው ቀዳዳ

ኤቫሪስቶ በኩባዋ በካርዴናስ ከተማ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን ደጁን የረገጠ ደንበኛ አልነበረም፤ ምክንያቱንም ፊት ለፊት የነገረው የለም። ስለዚህ አበልጁ ኒካኖር የአባቱን አሮጌ አሜሪካዊ መኪና አስጎትቶ አምጥቶ «ሞተሯን አድስልኝ» ሲለው ደስታውን መደበቅ አቃተው። ሞተሯ ከተነሳች የእሱም ስም ይነሳል።

ተነሳች። በአራተኛው ቀን ከላይ በኩል መንኳኳት ጀመረች፤ በስድስተኛው መንገድ ላይ ቀጥ አለች።

ዘይቱን አየ፤ ሙሉ ነው። ግፊቱም ደህና ነው። ከሩሲያ ትራክተር አውልቆ፣ በሞረድ አስተካክሎ የገጠማቸውን ፋሻዎች፣ የፒስተኖቹን ቀለበቶች፣ ጠረጠረ፤ የሲሊንደሮቹን ግፊት ሲለካ እነሱም ደህና ሆነው ተገኙ። ያኔ ንዴቱ የሞተሯን ዘንግ በቶርኖ ማሽን ልጦ ወዳስረከበው ወደ ባሲልዮ ዞረና ሰፈር እየሰማ ሰደበው።

«ዘንጉን አበላሽተህ ነው ያስረከብከኝ። ብረት መላጥ ካቃተህ ድንች ላጥ።»

«ሦስቴ ለክቼዋለሁ» አለ ባሲልዮ። «ይልቅ አንተ መነጽር ፈልግ።»

ደሙ ፈልቶ ተመለሰ። የሞተሯን የላይ ክዳን ሲከፍት ውስጡ ደርቋል፤ ዘይቱ ታች ሞልቶ ወደ ላይ ጠብታ አልወጣም። ቴስታታውን፣ የሞተሯን ራስ፣ ፈትቶ አወረደ። በኩባ ከቴስታታው ሥር የሚነጠፈውን ጓርኒሲዮን የሚባል ስስ ማሸጊያ ከሱቅ የሚገዛ የለም፤ አሮጌውን ወፍራም ሉህ ላይ አስቀምጦ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ስሎ መቁረጥ ነው። ኤቫሪስቶ ደግሞ ይህን ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ ብሎ የሚፎክር ሰው ነበር። አሮጌውንና ራሱ የቆረጠውን ጎን ለጎን አድርጎ በጣቱ ዳበሳቸው። የምስር ፍሬ የምታህል የዘይት መተላለፊያ አሮጌው ላይ አለች፤ አዲሱ ላይ የለችም።

ኒካኖር ሲመጣ ጥፋቱን በባሲልዮ ማላከክ ይችል ነበር። አፍሮ ተወው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አበልጄ። ዓይኔን ጋርዶኛል። አንድ ቀዳዳ ሳልበሳ ቀረሁ፤ የላይኛው ክፍል በሙሉ ተበልቷል።»

«እንደማታይ አውቃለሁ» አለ ኒካኖር። «ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን ሰጠኸኝ?»

«በር ላይ ተቀምጠህ የሚያልፈውን መኪና ድምፅ ሁሉ ስታዳምጥ አንጀቴን በላኸኝ። ከአባቴ የቀረኝ ይቺ ብቻ ናት፤ ቢሆንም ሰጠሁህ።»

ቢሰድበው፣ ቢመታውም በተሻለው ነበር። ለስሙ ያመጡለት የመሰለው ሥራ ለካ ምጽዋት ኖሯል።

የመፍቻ ሣጥኑን በእግሩ ወደ ኒካኖር ገፋ። «ለባሲልዮ ስጥልኝ፤ ያለ ጥፋቱ ነው የሰደብኩት። እኔ ከእንግዲህ አልሠራበትም» አለ።