ከዝርዝሩ ያወጣሁት ዲስክ

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሰው ዲስኩ ሲበላሽበት ወደኔ ይመጣል፤ እኔም «ሳይቃጠል በቅጠል ነበር እኮ፤ ለምን ሌላ ቦታ ገልብጠህ አላስቀመጥክም?» እያልኩ እቆጣለሁ። ጉድ እኮ ነው፤ ተቆጪው ማን ሆነና!

ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ የሚያገለግሉበት ደብር ከከተማው ርቆ ጓሳ ጥግ ነው። ከመምህራቸው የወረሱት፣ በአካባቢው ከሳቸው በቀር የሚያውቀው የሌለ ዜማ ነበራቸው። የሚማረው ሰው ሲጠፋ፣ «እንግዲያ በዚህ በመኪናህ ቅዳልኝ» ብለው መስከረም ላይ ሱቄ መጡ፤ መኪና የሚሉት ኮምፒውተሩን ነው። ደስታዬን አልቻልኩትም። ኮምፒውተሩ ሞልቶ ስለነበር ድምፃቸውን በገመድ በሚሰካ አሮጌ ዲስክ ላይ እቀዳ ጀመር።

የዲስኮችን ጤና የሚከታተል ፕሮግራም አለኝ። የተሰኩትን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ደህናው አጠገብ አረንጓዴ፣ የታመመው አጠገብ ቢጫ ያበራል፤ ይጮሃልም። ያ አሮጌ ዲስክ በሁለተኛው ቀን ቢጫ ሆነ። ጢጥ! የኔታ ዜማውን አቋርጠው አማተቡና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ከመሃል አይቀጠልም ባይ ናቸው። ጥቂት እንደሄዱ፣ ጢጥ! አሁንም ከመጀመሪያው። በሦስተኛው፣ «ምን ሆኖ ነው ልጄ? እኔ አጥፍቼ ነው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ «የኔታ፣ ዲስኩ ታሟል፤ ሌላ እስካገኝ ይቆየን» ማለት ነበረብኝ። ግን በየት አፌ? መምህሬን ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው አስመጥቼ «ይመለሱ» ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። «ምንም አይደለም» አልኩና ዲስኩን ከክትትሉ ዝርዝር አወጣሁት። ጩኸቱን ብቻ ማጥፋት ይቻል ነበር፤ እኔ ቢጫውንም ማየት አልፈለግሁም። ፕሮግራሙ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። የቀሩት ሁሉ አረንጓዴ ናቸው፤ እኔ ጉደኛው ቀለል አለኝ።

በስምንት ቀን ቀድተን ጨረስን፤ መርቀውኝ ሄዱ። ነገ እገለብጠዋለሁ፣ ነገ ወደ ዝርዝሩ እመልሰዋለሁ ስል ጥቅምት ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ብሰካው ቀጭ ቀጭ ብሎ ጸጥ አለ። የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ደብረ ብርሃን ድረስ ይዤው ብሄድም የተቀዳው አይመለስም ተባልኩ።

ኅዳር ላይ የኔታ ገበያ መሃል አገኙኝ።

«አደራዬ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ የኔታ።»

ምላሴን ይቁረጠው! እውነት ተናግረህ የመሸበት እደር ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው፣ እየመረቁኝ ሄዱ።

ጥር ላይ ታመሙ ሲባል ሰማሁ። ፊታቸውን ማየት ስለፈራሁ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ከፋሲካ በኋላ ራሳቸው መጡ፤ ክስት ብለዋል።

«በሽታው ዜማውን በታተነብኝ» አሉ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «ጫፉን እይዛለሁ፣ መሃሉ ይጠፋኛል። እስቲ ያንን የራሴን ድምፅ አሰማኝ፤ ሰምቼ ልመልሰው።»

እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝ በወደድኩ።

«መቼ ነው የጠፋው?» አሉ።

«ጥቅምት ላይ።»



«ጥቅምት ላይ እኮ ዜማው ሁሉ በቃሌ ነበረኝ፣ ልጄ» አሉኝ።