አጎቴ የዘጉት አቋራጭ

ነገ የአጎቴ አርባ ነው። ዘመድ ሁሉ ደግነታቸውን ያነሳል፤ እኔን የሚከነክነኝ ግን እሾሃቸው ነው።

ከመንደራችን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣው የተራራ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። የቸኮለ ሰው ጥምዝምዙን ትቶ ቀጥ ብሎ በተዳፋቱ ይወጣል። ክረምት ሲገባ ታዲያ ጎርፉ ያንኑ ዱካ ተከትሎ አፈሩን ጠርጎት ይወርዳል። አጎቴ ቅዳሴ በሄዱ ቁጥር የቀጋ እሾህ ቆርጠው የአቋራጩን አፍ ይዘጉ ነበር። "ጎርፍ መንገዱን የሚማረው ከሰው ነው" ይሉ ነበር። እሳቸው አንድም ቀን በዚያ አልወጡም።

ዓምና ከመካነ ሰላም ከተማ ጓደኞቼን ይዤ ተራራውን ልናጸዳ ሄድን። ላስቲኩንና የውኃ ጠርሙሱን በማዳበሪያ ለቀምን። እሾሁ ጋ ስንደርስ "ይሄስ?" አሉኝ። የማን እንደሆነ አውቃለሁ። የሽማግሌ ነገር ማስረዳት አሳፈረኝና "አንሱት" አልኩ።

አጎቴ አቋራጩ ተከፍቶ ሲያገኙት "ማን አነሳው?" ብለው ጠየቁኝ።

"እንጃ" አልኳቸው።

"ልጆቹ ሳያውቁ ይሆናል። ላስቲኩን ለቅመውልናል፤ እግዜር ይስጣቸው።"

ጉልበታቸው ደክሞ ነበርና መልሰው አልዘጉትም። እኔም አልዘጋሁትም።

በቀብራቸው ዕለት ቃሬዛውን ከፊት ከያዙት አንዱ ነበርኩ። ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም ከኋላ አንድ ሰው "በአቋራጩ ግቡ!" አለ። ወደ ተዳፋቱ ዞርኩ፤ ገባን። ዕድሜ ልካቸውን ባልረገጡት ዱካ፣ እኔው ባስከፈትኩት፣ እኔው ተሸክሜ አወጣኋቸው።