ፀጉር አስተካካዩ ብቻውን ኮረብታ ሲወጣ

የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ሲሰማ ነበር የሚውለው። አንዱ ስለ አማቱ፣ ሌላው ስለ ኩላሊቱ ሲያወራለት ጆሮው ዛለ። ስለዚህ ኮረብታው በአበባ በተሸፈነበት በአንድ የፀደይ እሑድ ጠዋት የጫማውን ክር አጥብቆ አስሮ ከደጁ ወጣ።

«ወዴት ነው?» አለች ሚስቱ።

«ኮረብታው ላይ ብቻዬን ተንሸራሽሬ ልምጣ።»

«ብቻህን? ምን አስቀየምኩህ?» ብላ ሻርፗን አንስታ ተከተለችው።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ባልና ሚስቱ ሲጣደፉ አይታ ሰው የሞተ መሰላት፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከኋላቸው ወጣች። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ደግሞ ሦስቱን ሲያይ «መሬት ሊታደል ነው!» ብሎ ወንበሩን ተሸክሞ ተነሳ። ከዚያማ ሰፈሩ በሙሉ ነቅሎ ወጣ።

«ኧረ በፈጠራችሁ፣ ምንም የለም! አየር ልቀበል ነው!» ቢል ማን ይስማው?

«አየርም ቢሆን ቀድሞ የደረሰ ነው የሚያገኘው» አለ ሾፌሩ፣ እየቀደመው።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ተሰለፉ። ሰልፉ የምን እንደሆነ የሚያውቅ ባይኖርም፣ ወረፋዬን ተቀማሁ ብሎ የሚጣላ አልጠፋም። ፀጉር አስተካካዩ በጭቅጭቁ መሃል ሹልክ ብሎ ወረደ። ሚስቱ እንኳ ተራዋ እንዳያልፋት ፈርታ ዞር ብላ አላየችም።

ታች ሰፈሩ ጭር ብሏል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እያፏጨ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ተንሸራሸረ። ያየችው አጥር ላይ ጋደም ያለች አንዲት ድመት ብቻ ነበረች፤ እሷም ወዴት ነው አላለችውም።