ጡት ማስጣያው እሬት

ፉሪ በተከራየሁት ግቢ የመጀመሪያውን እሬት መሬት ላይ ነበር የተከልኩት። መረሬው አፈር ክረምቱን ውኃ አዝሎ ከረመና ሥሩን አበሰበሰብኝ። ከዚያ ወዲህ ጀሪካን ቆርጬ፣ የቀለም ባልዲ ቂጡን በስቼ፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ ቀላቅዬ እተክል ጀመር። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰድጄ ደረቅ ካላገኘሁት ውኃ አላጠጣም። እሬቱም ልጅ በልጅ ላይ እያወጣ አጥሩን ሞላው። ፀጉሯ የሚነቃቀልባትም፣ እጇን ዘይት የፈነጠቀባትም ቅጠል ፍለጋ ወደ እኔ ትመጣለች።

አንድ ጠዋት ከጎኔ ያለው ክፍል ውስጥ የምትኖረው ወጣት ጎረቤቴ መጣች። ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች።

«እትዬ፣ አንድ ቅጠል ቁረጪልኝ። ልጁን ጡት ላስጥለው ነው።»

አዲስ ነገር አልጠየቀችኝም። እኔንም እናቴ ጡት ያስጣለችኝ በእሬት ነው። ቅጠሉን ቆርጬ ዘቅዝቄ ያዝኩትና ቢጫው ውኃ እስኪንጠባጠብ ጠበቅኩ።

«ይሄ ቢጫው ሆድ ያላላል፤ በደንብ ይንጠፍጠፍ። ከዚያ ጡትሽ ጫፍ ላይ ትንሽ ነካ ብቻ አድርጊው» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ አማቷ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ምራታቸውን ሊያግዙ ከሰንዳፋ የመጡ ሴትዮ ናቸው።

«ማል ጎቴ? ምን አደረግሽ?» አሉኝ፤ ሲቆጡ ሁለቱም ቋንቋ ይቀላቀልባቸዋል። «ልጃችንን በምን አበላሸሽብን?»

«እማማ፣ ምን ሆነ?»

«ከላይም ከታችም አልቆምለት አለ! መርዝ ተክለሽ ትኖሪያለሽ!»

ወደ ክፍላቸው ሮጬ ገባሁ። ልጁ አልጋው ላይ ተዘርሯል። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ያለቅሳል፣ እንባ ግን የለውም። እናቱ አየችኝና «እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት» አለች። ወቀሳ ይሁን ልመና አልገባኝም።

አባቱ የሰበታ መስመር የሚኒባስ ሹፌር ነው። ተሳፋሪ አራግፎ እየበረረ ደረሰ። ሰላም አላለኝም።

«ከዚያ ቅጠል ቁረጪና መኪናው ውስጥ ግቢ። ለሐኪሙ ራስሽ ትነግሪያለሽ።»

ቅጠሉን በፌስታል ይዤ ልጁን ካቀፈችው እናቱ ጎን ከኋላ ተቀመጥኩ። መንገዱ ተዘጋግቷል። እሱ ጥሩንባውን ይነፋል። ያስጠነቀቅኳትን እያስታወስኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ ግን ብዙ ቀብታው ቢሆንስ? በደንብ ሳይንጠፈጠፍ ቀርቶስ ቢሆን? ትንሽ እንደሄድን ልጁ ማልቀሱን ተወ። ዝምታው ከልቅሶው የባሰ አስፈራኝ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሐኪሟ ቅጠሉን አገላብጣ አየችና ወደ እናቲቱ ዞረች።

«ስንት ጊዜ ቀባሽ?»

«አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ ጡት አልጠየቀኝም።»

«በጡቱ ፋንታ ምን ሰጠሽው?»

«የላም ወተት፤ አፍልቼ።»

«እንዲሁ ነው ወይስ በውኃ አቅጥነሽ?»

«በውኃ።»

«ውኃውስ ፈልቷል?»

ባሏን ቀና ብላ አየችው። የቧንቧው ውኃ ከጠፋ ሰንብቶ ግቢያችን በሙሉ የሚቀዳው ከጉድጓድ ነበር።

«ውኃውን… ወተቱ ከፈላ በኋላ ነው የጨመርኩት» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እሬትም ቢሆን ወደ ሕፃን አፍ አይጠጋ» አለች ሐኪሟ የልጁን እጅ እየዳበሰች። «ይሄ ግን የውኃው ነገር ይመስለኛል።»

ግሉኮስ ልትሰጠው ስትል ደም ሥሩ አልገኝ አለ። ደጋግማ ወጋችው፤ አባትየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በመጨረሻ መርፌው ሲገባ ልጁ ጮኸ። ያን ጩኸት ስሰማ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከመሸ በኋላ ሐኪሟ ስትጠብቀው የነበረውን ሽንት ሸና፤ እናቱ እየሳቀች አለቀሰች።

እነሱ እዚያው ሲያድሩ እኔ ወሬ ላደርስ ወደ ቤት ተመለስኩ። ግቢ ስገባ ባልዲዎቹ ሁሉ ተገልብጠዋል። እሬቶቼ ሥራቸው ወደ ላይ ሆኖ በሩ አጠገብ ተከምረዋል። እማማ ዶማ ይዘው ቆመዋል።

«ተረፈ?»

«ተርፏል። ከውኃው ነው አሉ፣ እማማ።»

ክምሩን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ሊጠይቁኝ ይችሉ ነበር» አልኩ።

«የልጄ ልጅ ሲሞት ቁጭ ብዬ ልጠይቅሽ? ነገም ቢሆን እነቅለዋለሁ።»

ጎንበስ ብዬ እሬቶቼን ከክምሩ እለቅም ጀመር።

እሬት ተነቀለ ብሎ ወዲያው አይሞትም። በዶማው የተቆረጠው ቦታ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ ቁስሉ እርጥብ እያለ ከተተከለ ይበሰብሳልና። ከዚያ የተረፉትን ተከልኩ። ግማሽ የሚሆኑት ያዙ። እማማም ሳይሰናበቱኝ ወደ ሰንዳፋ ተመለሱ።

በሄዱ ማግስት ጎረቤቴ መጥታ ደጄ ላይ ተቀመጠች።

«ይቅርታ አላሉሽም አይደል?»

«አላሉኝም።»

«እኔንም የውኃውን ነገር ከሰሙ ወዲህ አላናገሩኝም።»

ልጇ ደረቷ ላይ ተኝቷል። ጡቱን መልሳ ሰጥታዋለች፤ ሁለተኛው እስኪወለድ ይጥባ ብላ ወስናለች። ዛሬም ቅጠል ለሚጠይቀኝ ሰው እቆርጣለሁ። ጡት ለማስጣል ከሆነ ግን የለም እላለሁ፤ አጥሩ ሞልቶ እያዩትም።