ሠላሳ ስድስት ደቂቃ

ጂንካ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራ ሲቀዘቅዝ በደብተሬ ግጥም እሞነጭራለሁ።

የኮምፒውተሩ ሰዓት በየቀኑ ጥቂት ሰከንድ ወደኋላ ይቀር ነበር። ለዚህ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነበረችው። ሰዓቱን በእሷ በኩል ባስተካከልኩ ቁጥር፣ ካለፈው ማስተካከያ ወዲህ ምን ያህል እንደቀረ ለክታ ለቀናቱ ታካፍላለች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የሚቀረውን ራሷ ገምታ ትጨምራለች። እወዳት ነበር። ስህተትን ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ለሥራ ካንጋተን ከተማ አሥር ቀን ቆይቼ ስመለስ፣ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ሄዶ አገኘሁት።

«ጠዋት በሁለት ሰዓት ስምንት ይላል እኮ» አሉኝ የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ። «በእጅ ሰዓቴ አስተካከልኩልህ።»

ስቄ በፕሮግራሟ በኩል ወደ ስምንት መለስኩት። ፕሮግራሟ ግን የሽማግሌውን እጅ አታውቅም። በአሥር ቀን ስድስት ሰዓት ቀረ፤ በቀን ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ይጨመር ብላ ያዘች። ያንን ግምት ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁም።

ማግስቱ የጤና ሥልጠና ምዝገባ የሚያበቃበት ቀን ነበር፤ መዝጊያው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። ኮምፒውተሩ መዝገቡን ዘግቶ ዝርዝሩን አትሜ እንደጨረስኩ፣ ከካኮ በጭነት መኪና የመጣች ወጣት ማስረጃዋን በፌስታል ይዛ ገባች። ፀጉሯ አቧራ ለብሷል።

«ተዘግቷል እህቴ።»

«ለአሥራ አንድ ሃያ አምስት ጉዳይ ነው» ብላ የእጅ ሰዓቷን አሳየችኝ።

«ያንቺ ወደኋላ ቀርቷል። ይሄ በሰከንድ ነው የሚቆጠረው።»

«ካኮ ላይ ደህና ነበር።»

«ባትሪ ቀይሪለት።»

ፌስታሏን ይዛ ወጣች። ዝርዝሩ ተፈርሞ፣ ታሽጎ፣ ወደ ማሠልጠኛው በሚሄደው መኪና ተላከ። ከዚያ የጥበቃው ሬዲዮ አሥራ አንድ ሰዓት መሆኑን ተናገረ። ተቀምጬ ሰማሁት። ተነስቼ አልሮጥኩም። ኮምፒውተሩ ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ቀድሞ ነበር።

ለአለቃዬ ነገርኳቸው። «ታሽጎ ሄዷል» አሉ። «ሌላ ዙር ከመጣ ትምጣ።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ካኮ ሄድኩ። ልጅቷ ሙዝ ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ሰዓቷ እጇ ላይ ነው። በመንገድ ሁሉ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር።

«ሰዓትሽ ልክ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፣ ዝንቡን ከሙዙ ላይ እያባረረች። «ስንት ልስጥህ?»