ሐይቁ የነበረበት መስመር

ልጄ ከዐረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ የሚያስፈራኝ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ ተመልሳ እንዳትሄድብኝ ነው። እንዳትሄድ ብዬ ቤት ሥሪ አልኳት፤ ያለን ባዶ ቦታ ደግሞ ከጓሮዬ ዝቅ ብሎ ወደ ሐይቁ ያለው የአባቷ መሬት ብቻ ነው። ኋላ የመጣው ሁለተኛው ፍርሃቴ የሐይቁ ውሃ ሆነ። ያኔ የቤቱ ካስማ ተተክሎ፣ የመሠረቱ ድንጋይ ተራግፎ ነበር።

አንድ ቀን ስልኳ ላይ ያገኘችውን የድሮ ካርታ ደሴ በትልቅ ወረቀት አሳትማ መጣች። አገራችን ድሮ ምን ትመስል እንደነበር ልታሳየኝ ነው። የእኔ ትምህርት ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስሞቹም የተጻፉት በፈረንጅ ፊደል ነው። እሷ ታነባለች፣ እኔ እዚህ ጋ እናቴ ተወልዳለች፣ እዚያ አሁን ሰው የለም እላለሁ። ወረቀቱን ቡናማ መስመር ሞልቶታል፤ አምባሰል ጋ ሲደርስማ ተጨናንቆ ጠቁሯል።

«ይሄ ሁሉ መንገድ የት ገባ?» አልኳት።

ሳቀችብኝ። መንገድ አይደለም፤ አንዱ መስመር የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ከፍታው እኩል ነው አለችኝ። ያኔ ገባኝ። ምግብ ለሥራ በነበረ ጊዜ ተራራው ላይ እርከን ሠርቻለሁ። በሁለት እንጨት መሃል ሲባጎ ወጥረን፣ ሲባጎው ላይ ውሃ ልክ አንጠልጥለን፣ አረፋዋ መሃል ላይ ስትቆም ምልክት እናደርጋለን። እርከኑ የሚሄደው በዚያ ምልክት ነው። እንጨት ያዧ እኔ ነበርኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው እንግዲህ ያው የእኛ እርከን ነው።

የሐይቁ ሰማያዊ ቀለም የት ጋ እንደሚያልቅ ጠየቅኳት። ጣቷ ሄዶ ሄዶ ቆመ። በካርታው ሐይቁ ከካስማችን በላይ ወጥቷል። ወረቀቱ ላይ እኮ ቦታው የጥፍር ያህል ነው፣ ተሳስተን ይሆናል አለች። የድሮውን ውሃ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ አልኳት።

በጉብዝናቸው ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ ሽማግሌ ጎረቤት አሉን፤ እሳቸው ጋ ሄድን። ካርታውን ገለባብጠው አዩና ለልጄ መለሱላት። ከዚያ ምርኩዛቸውን አንስተው አዝመራው የተነሳበት ማሳ መሃል ወዳለ ጥቁር ድንጋይ ወሰዱን። ልጅ ሳሉ ታንኳ የሚታሰረው እዚህ ነበር አሉ፤ ውሃው የድንጋዩን እግር ይነካው ነበር። አሁን ሐይቁን ለማግኘት ሦስት ማሳ መውረድ ነው።

ቤቱን ከሚሠራልን ግንበኛ ውሃ ልክ ተዋስን። ልጄ አንዱን እንጨት፣ እኔ ሌላውን ይዘን፣ ሲባጎ ወጥረን ከድንጋዩ እግር ተነሳን። ሽማግሌው እየተከተሉ «ልብስ ልታሰጡ ነው?» ይሉናል። አረፋዋ መሃል ላይ በቆመች ቁጥር ጠጠር አስቀምጠን እናልፋለን። ከጠጠሩ በታች ያለው አፈር ውስጥ ነጫጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አለ፤ ከጠጠሩ በላይ የለም። ፍርሃቴን ረስቼ አጎንብሼ ስለቅም ዋልኩ። የመጨረሻዋ ጠጠር ካስማዎቹን ከታች ትታ ጓሮዬ አጥር ሥር አረፈች።

«እማ፣ ተመልሶ ይመጣል ብለሽ ነው?»

«ወላሂ አላውቅም።»

ለመሠረት የተራገፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የስንት ዓመት ልፋቷ ነው። ሌላ መሬት እንደሌላት፣ እዚህ ካልሆነላት ወደ መጣችበት ብትመለስ እንደሚሻላት ቀስ ብላ ነገረችኝ። እጄ ላይ የነበረው ቅርፊት ሁሉ ረገፈ።

«ከአጥሩ በላይ ሥሪ» አልኳት።

«ጓሮሽ እኮ ነው። ጫቱስ?»

«ይነቀላል።»

ከጓሮዬ ጫት ሳይቀጥፉ አርብ የማያልፍባቸው ሽማግሌ ልጄን ዞር ብለው አዩዋት። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ወረቀት አምጪ ያለሽ ማነው?» አሉ። ልጄ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

በማግስቱ የመሠረቱን ድንጋይ ወደ ላይ ማመላለስ ጀመርን። ካስማውን ስንተክል በሩ ወዴት ይዙር ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ሐይቁ አልኳት። ከመጣም ሲመጣ ልየው።