የሄንሪ ሴት ልጅ

የእንግሊዙ ንጉሥ ዘውድ የጫነ ዕለት፣ ፍሪሞንት ባለው ቤቴ ከአባባ ጋር ሥነ ሥርዓቱን በቴሌቪዥን አየን። አባባ ሰማንያውን አልፈዋል። ልጄ ሊያ ከሶፋው ጫፍ ሆና፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ የዙፋኑ ሕግ ተለውጦ ከእንግዲህ ታናሽ ወንድም ታላቅ እህቱን ዘሎ እንደማይነግሥ ነገረችን።

«ዘገዩ» አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባባ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል በሚባለው ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ የቅመማ ቅመም ሱቅ ነበራቸው። ጠዋት የምከፍተው እኔ፣ ማታ የምዘጋው እኔ። ታናሽ ወንድሜ ሳምሶን ሱቁን የሚያስታውሰው ሲርበው ነበር። ሱቁ አንድ ቀን የኔ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ከዚያ ሌላም የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

ቀን ቀን ኮሌጅ ደርሼ እመለሳለሁ። የዚያን ሰሞን የምማረው የእንግሊዝ ነገሥታትን ታሪክ ነበር። ዝናብ በጥር የሚዘንብበት አገር ነውና ውጭ ሲያካፋ፣ በራችን ላይ ሜክሲኳዊቷ ሴትዮ በሎሚና በሚጥሚጣ የምታሸው በቆሎ ሲሸተን፣ እኔ ኮረሪማ እየፈለፈልኩ ያነበብኩትን እተርክላቸው ነበር። አባባ ተረት ሲወዱ ለጉድ ነው። ገና ስገባ፣

«እህ፣ ያ ጉደኛ ንጉሥ ዛሬ ደግሞ ምን ሠራ?» ይሉኛል።

ጉደኛው ሄንሪ ስምንተኛው ነው። ወንድ አልወለደችልኝም ብሎ ሚስቱን ፈታ፤ የሁለተኛዋን አንገት አስቀላ። በስንት መከራ ያገኘው ወንድ ልጅም በልጅነቱ ነግሦ በልጅነቱ ሞተ። ያቺ የተናቀችው ሴት ልጁ ኤልሳቤጥ ግን ተራዋ ሲደርስ ከአርባ ዓመት በላይ አገር ገዛች።

አባባ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። «ቂል! እጁ ላይ ያለችውን ትቶ!»

ያን ሳቅ ለኔ እንደገቡልኝ ቃል ቆጠርኩት። ሰው በተረት የሚማር መስሎኝ።

ወገባቸውን ሲያማቸው ሱቁን ለልጅ ለማስረከብ ቆረጡ። በሰኔ ሚካኤል ዝክር ላይ፣ ቄሱ ዳቦውን ባርከው ሰዉ እንደተቀመጠ ተነሡ። ጠላ እየቀዳሁ ነበር። ጆጉን አስቀምጬ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ሳሚ፣ ና» አሉ። ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖሩለት። «ቤት የሚቆመው በወንድ ነው። መርቁልኝ።»

ቤቱ ሙሉ አሜን አለ። እኔም አልኩ፤ በምርቃት ላይ ዝም አይባልም።

ኋላ ጓዳ ድረስ ተከተልኳቸው።

«አባባ፣ እኔስ?»

«አንቺማ ነገ የሰው ነሽ፣ መቅዲ። ደግሞ ተምረሻል። የገንዘብ ሪጅስተሩን እስኪለምድ አሳዪው።»

«የሄንሪን ልጅ ረሷት?»

ከልባቸው ተገረሙ። «እሱ ፈረንጅ አይደል እንዴ? የፈረንጅ ተረትና የኛን ቤት ምን አገናኘው?»

አሳየሁት። ሳሚ ዓመት ሳይሞላው ሱቁን ሸጦ ቴክሳስ ገባ። ሱቁ አሁን ስልክ ይጠገንበታል። ከኦክላንድ ወደ ፍሪሞንት ስመለስ በባቡሩ መስኮት አየዋለሁ እንጂ ወርጄ አላውቅም። አባባ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ሳሚ ደውሎ «ካንቺ ጋር ቢሆኑ ይሻላቸዋል፣ ሲስ» አለኝ። ነገ የሰው ነሽ የተባልኩት እኔ ነኝ የማጥባቸው። እወዳቸዋለሁ፤ ይቅር ግን አላልኳቸውም። በዚህ ዕድሜዬ ቁልፉን ምን ላደርገው? አንዴ «አንቺ ነበርሽ» ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር።

ንጉሡ በሠረገላ ሲወጣ አባባ እጄን ነካ አደረጉኝ።

«መቅዲ፣ ያ ጉደኛ ንጉሥ ነበረ አይደል? የሴት ልጁ መጨረሻ ምን ሆነ?»

«ነገሠች፣ አባባ።»

«ጎሽ! አባቷ አይቷት ቢሆን ደስ ባለው።»

«አይቷታል» አልኳቸው፣ ብርድ ልብሳቸውን እየሳብኩ። «አላወቃትም እንጂ።»

«ቂል!» ብለው ሳቁ፤ ዓይናቸውን ወደ ዘውዱ መለሱ።